ራፕ ስለ ሕግና ስለ ገንዘብ ሲያወራ ምን ያህል ልክ ነው?

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህንን ክር (ውይይት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ራፐሮች ስለ ፖሊስ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ግብርና ስለ ውል የሚሉት ነገር ምን ያህል ትክክል ነው? አቋሜንም አብሬ ጻፍኩ። አብዛኛው ልክ ነው አልኩ። የአሜሪካ ሕግ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከራፕ ነው። የብርበራ ማዘዣ የሚባል ወረቀት እንዳለ፣ ዝም ማለት መብት እንደሆነ፣ አንድ ዘፋኝ የገዛ ዘፈኑ ባለቤት ላይሆን እንደሚችል ያወቅኩት ከዘፈን ነው። ስለዚህ የተከራከርኩት ከልቤ ነው።

ለማስረጃ የአሜሪካዊውን ራፐር የጄይ ዚን «ናይንቲ ናይን ፕሮብለምስ» አቀረብኩ። በ2003 በወጣው «ዘ ብላክ አልበም» ላይ ያለ ዘፈን ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ቨርስ (የግጥሙ ክፍል) ላይ ፖሊስ አንድ መኪና ያስቆማል። ጊዜው 1994 ነው። ሹፌሩ ዕፅ ይዟል። ፖሊሱ መፈተሽ ሲፈልግ ሹፌሩ አይበገርም። የፊቱ መሳቢያም የኋላው የዕቃ ማስቀመጫም ተቆልፏል፣ ስለዚህ ማዘዣ ያስፈልጋል ብሎ ይከራከራል። ይህ ሰው መብቱን ጠንቅቆ ያውቃል ብዬ ጽሑፌን ዘጋሁ።

1ኛው መልስ ደስ የሚል ነበር። ጥያቄው የቆየ ጥያቄዋ እንደሆነ የጻፈች ልጅ ናት። አመሰገነችኝና በሐሳቤ ተስማማች።

2ኛው የመጣው የሕግ ባለሙያ ከሆነ ሰው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ። በትህትና ግን ምሳሌዬን ከሥሩ ነቀለው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መኪና ለመፈተሽ ማዘዣ የግድ አይደለም። ነገሩ የቆየ ነው። በ1925 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መጠጥ በተከለከለበት ዘመን አልኮል ጭኖ ስለተያዘ መኪና ሲወስን፣ መኪና ማዘዣው እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር አለመሆኑን ተቀበለ። ፖሊሱ ወንጀል የሚያሳይ ነገር መኪናው ውስጥ አለ የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ካለው መፈተሽ ይችላል። በ1982 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ያ ፍተሻ የኋላውን ዕቃ ማስቀመጫና እዚያ ያለውን ሻንጣ ጭምር እንደሚያካትት ወሰነ። ቁልፍ ለውጥ አያመጣም። ኬሌብ ሜሰን የሚባል የሕግ መምህር በ2012 ይህንን ቨርስ ብቻ መስመር በመስመር እየተነተነ በአንድ የሕግ ጆርናል ላይ እንደጻፈና የቁልፉ ነገር ስህተት መሆኑን እንዳስረዳም ጨመረልን።

3ኛው መልስ አንድ መስመር ነው። ታዲያ ሹፌሩ ምንም ልክ የሠራው ነገር የለም ወይ የሚል ጥያቄ።

ባለሙያው በ4ኛው ተመለሰ። አለ፣ ያውም ትልቅ ነገር አለ ባይ ነው። ሹፌሩ ለፍተሻው ፈቃድ አልሰጠም። በቂ ምክንያት የሌለው ፖሊስ የሚተማመነው በፈቃድ ነው። ሰው እሺ ካለ በኋላ ስለ ማዘዣ መከራከር ዋጋ የለውም። ሹፌሩ ታስሬያለሁ ወይ ብሎ መጠየቁም ልክ ነው፤ ጥያቄው ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከመኪናው አልወርድም ማለቱ ግን አያዋጣም። በሕግ መንገድ የቆመን መኪና ሹፌር ውረድ ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል ከ1977 ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህንን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቨርስ ውስጥ ሁለት ልክና ሁለት ስህተት። እኔ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልዬ ልክ ብዬው ነበር።

5ኛው ሰው ሙዚቃ ይሠራል። በዚህ ሁሉ ትንተና ደስተኛ አልነበረም። እዚያ የሚናገረው ገጸ ባሕርይ ነው፣ የወጣት ድፍረት ነው፣ ፖሊስ ፊት የሚደረግ ጉራ ነው ብሎ ጻፈ። ጄይ ዚ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ እንደተረከው፣ በእውነተኛው ቀን ዕፁ ከኋላ ሳይሆን ጣሪያው ላይ ባለ ስውር ቦታ ነበር። ዘፈኑ ታሪኩን ለዜማ ብሎ ቀይሮታል። የቀየረውን ታሪክ በሕግ መጽሐፍ መመዘን ተገቢ አይደለም ነው ነጥቡ። መልካም ነጥብ ነው። ያን ጊዜ ግን ክብደቱ አልታየኝም፤ አልፌው ሄድኩ።

6ኛዋ ውሻውን አነሳች። በታሪኩ ፖሊሶቹ አነፍናፊ ውሻ ጠርተው ውሻው ስለዘገየ ነው ሹፌሩን የለቀቁት። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተለመደው የማቆሚያ ጊዜ ውስጥ ውሻ ማስነፈስ ይቻላል ብሎ ነበር። በ2015 ግን የትራፊክ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ያለ ተጨማሪ ጥርጣሬ ሰውን ለውሻ ብሎ ማቆየት አይቻልም አለ። በዚያ መዝገብ የተቆየው ሰባት ስምንት ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑ ስለ ቁልፍ ቢሳሳትም፣ ፍርድ ቤቱ ከ12 ዓመት በኋላ የደረሰበትን ጥያቄ ቀድሞ አንስቶታል። ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት መልስ ይህ ነው።

7ኛው ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። የ2ኛው ባለሙያ ፌዴራሉን ብቻ እያየ ግዛቶችን ረሳ የሚል ነው። ግዛቶች በራሳቸው ሕገ መንግሥት የበለጠ መብት መስጠት ይችላሉ። ለምሳሌ ኒው ጀርሲ። በ2009 የዚያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስቸኳይ ሁኔታ ከሌለ ማዘዣ ይምጣ ብሎ ነበር፤ በ2015 አላላው። ማለትም የቁልፉ ሹፌር የሚናገረው ነገር በአንድ ቦታና በአንድ ዘመን ከእውነት ብዙም አይርቅም ነበር። ባለሙያው በ8ኛው አጭር ምስጋና ጽፎ እርማቱን ተቀበለ። እንዲህ የሚቀበል ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

ከ9ኛው ጀምሮ ወደ ገንዘብ ዞርን። የሒሳብ ባለሙያ የሆነች ሴት የ2017ቱን «ዘ ስቶሪ ኦፍ ኦ ጄ» ይዛ መጣች። እዚያ ጄይ ዚ በ1 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሥዕል መጀመሪያ 2፣ ከዚያ 8 ሚሊዮን እንደደረሰ ይናገራል። እሷ ያልተሸጠ ሥዕል ትርፍ ገና ትርፍ አለመሆኑን አስታወሰች። በአሜሪካ ሕግ ረጅም ጊዜ የተያዘ ሥዕል ሲሸጥ የፌዴራል ግብሩ እስከ 28 በመቶ ይደርሳል፤ የአክሲዮኑ ጣሪያ 20 ነው። በ8 ቢሸጥ ከ7 ሚሊዮኑ ትርፍ 2 ሚሊዮን ገደማ ለመንግሥት ይሄዳል። ኢንሹራንሱ፣ ማስቀመጫው፣ የአጫራቹ ኮሚሽን ሲጨመር ሌላ ወሬ ነው። ግን አንድ ነገር አደነቀች። ዘፋኙ እሸጠዋለሁ አላለም። ለልጆቼ እሰጣለሁ ነው ያለው። በአሜሪካ ንብረት በውርስ ሲተላለፍ ትርፉ የሚሰላበት የመነሻ ዋጋ በሞት ቀን ዋጋ ይተካል። ልጆቹ በ8 ወርሰው በ8 ቢሸጡት ያ የ7 ሚሊዮን ትርፍ የትርፍ ግብር አይነካውም። የውርስ ግብር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለእሷ ከዘፈኑ ሁሉ በሳሉ ምክር ሰው ብዙም የማያስተውለው ይህ የልጆች መስመር ነው።

10ኛው ያንኑ ዘፈን ቀጠለ። ብሩክሊን ውስጥ በ2 ሚሊዮን መግዛት ሲቻል ያመለጠውና አሁን 25 ሚሊዮን የሚያወጣው ሕንፃ አለ። ሃያ ዓመት ፈጅቷል ቢባል በዓመት 13.5 በመቶ ገደማ እድገት ነው። ግሩም ነው፣ ግን የሕንፃ ግብርና ጥገና አልተቀነሰም። ደግሞ ሰው የሚቆጭበት ዋጋው የጨመረውን ሕንፃ ብቻ ነው፤ የወደቀውን ማንም አይዘፍንለትም። ልክ ነው።

11ኛው የመኪና ነገር ነው። ውድ መኪና ገዝቶ ከግብር ላይ አስቀንሰዋለሁ ማለት በራፕ የተለመደ ጉራ ነው። ሰውየው ይህ ጉራ ብዙ ወጣት እንደሚያሳስት በምሬት ጻፈ። ተቀናሽ ወጪ ማለት ነጻ ማለት አይደለም። የመጨረሻው የፌዴራል እርከን 37 በመቶ ነው። 100 ዶላር ወጪ የሚቀንስልህ ቢበዛ 37 ነው። 63ቱ ከኪስህ ወጥቷል። መኪናው ለሥራ መዋሉም መረጋገጥ አለበት፤ ወደ ጭፈራ ቤት መሄጃ ሥራ አይባልም።

12ኛው ተቆጣ። 11ኛው ሀብታም እንዴት እንደሚኖር አያውቅም ብሎ ተነሳ። እውነተኛ ሀብታም ሀብቱን አይሸጥም፤ አስይዞ ይበደራል፣ ብድር ገቢ ስላልሆነ ግብር የለውም፣ ሲሞት ደግሞ 9ኛዋ የነገረችን ነገር ይደርሳል። 11ኛው መልሶ፣ ያ ስለ ብድር እንጂ ስለ መኪና እንዳልሆነ፣ ወለድ እንዳለው፣ የመያዣው ዋጋ ሲወድቅ ባንኩ እንደሚመጣ ጻፈ። እስከዚያ እርስዎ ይባባሉ የነበሩት ሁለቱ አንተ መባባል ጀመሩ። በሐሳብ ደረጃ ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው። 14ኛው መሃል ገብቶ አረጋጋቸው።

ይህንን ሲያነብ የቆየው የሕግ ባለሙያ በ15ኛው ስለ ዕፅ ነጋዴው ገቢ ጻፈ። ሕገወጥ ገቢም ግብር ይከፈልበታል፤ ይህ በ1961 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተነገረ ነው። ከ1982 ወዲህ ደግሞ ዕፅ የሚያዘዋውር ሰው ከዕቃው መግዣ በቀር የንግድ ወጪውን አይቀንስም። ስለዚህ ዕፅ ሸጦ መኪናውን ከግብር ላይ አስቀንሳለሁ የሚል ግጥም በሁለት በኩል ይወድቃል። ጥሬ ገንዘብን ከ10,000 ዶላር በታች እየቆራረጡ ባንክ ማስገባትንም አነሳ። ብዙ ሰው ብልጠት ይመስለዋል። ባንኩ ከ10,000 በላይ ሲገባ የሚሞላው ሪፖርት ግብርም ቅጣትም አይደለም። ወንጀሉ ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ መቆራረጡ ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ።

16ኛው በሁላችንም ልብ የቀረ ታሪክ ነው። ወጣት ሳለ ከአንድ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ፈርሞ ነበር። ስሙን አልጠቀሰም። ቅድሚያ ክፍያ ሲቀበል ደሞዝ መስሎት ቤተሰቡን ጋበዘ፣ ልብስ ገዛ። ከዚያ ዘፈኑ በየቦታው እየተሰማ በየስድስት ወሩ የሚመጣለት ወረቀት ላይ ግን ሒሳቡ ከዜሮ በታች ነበር። ስቱዲዮው፣ ቪዲዮው፣ መኪናው ሁሉ ከእሱ ድርሻ ላይ ተይዟል። ራፕ ስለ ኩባንያዎች ተንኮል ሲናገር ያልሰማው የእኔ ጆሮ ነው ብሎ ጻፈ። በ1991 ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት የሚባለው የራፕ ቡድን ይህንኑ ቁጥር የተሰጠው የኢንዱስትሪ ሕግ አድርጎ ዘፍኖት ነበር።

9ኛዋ ተመልሳ ስሌቱን አሳየችው። ቅድሚያው 500,000 ዶላር፣ ሮያሊቲው (ከገቢው የሚደርሰው ድርሻ) 15 በመቶ ቢሆን፣ የእሱ ሒሳብ ዜሮ ላይ የሚደርሰው ዘፈኑ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ካስገባ በኋላ ነው። ኩባንያው ግን ከዚያ በፊት ብዙ አትርፏል። 18ኛው አንድ እርማት ጨመረ። ቅድሚያ ክፍያ በተለመደው ውል ዕዳ አይደለም። ዘፈኑ ባይሸጥ ሰውየው ከኪሱ አይመልስም። ኩባንያው ባንክ ነው፣ ተበድረሃል የሚለው አባባል ስለዚህ ስሜቱ እውነት፣ ቃሉ ግን ስህተት ነው። ስሜቱን ለማየት ቲ ኤል ሲ የሚባለውን የሴቶች ቡድን መጥቀስ ይበቃል። «ክሬዚ ሴክሲ ኩል» የሚባለው አልበማቸው በሚሊዮኖች እየተሸጠ በ1995 ኪሳራ አስመዘገቡ።

ኪሳራ ሲነሳ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። 19ኛው ራፐሩ ፊፍቲ ሴንት በ2015 ኪሳራ ማስመዝገቡን ጠቅሶ የሀብቱ ግጥም ሁሉ ውሸት ነበር አለ። 20ኛዋ እሱ የተጠቀመበት የኪሳራ ሕጉ ምዕራፍ 11 ድሃ ሆንኩ ማለት ሳይሆን ዕዳን በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ማስተካከያ መሆኑን አስረዳች። ሰውየው በ2017 ከፍሎ ወጥቷል። በ2007 ኮካ ኮላ ቫይታሚንዎተር የሚባለውን መጠጥ የሚሠራውን ኩባንያ በ4.1 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ትንሽ ድርሻ ነበረው፤ ቢሊዮኑ ግን የኩባንያው ዋጋ እንጂ የእሱ ገቢ አልነበረም። ቀጥሎ ኤም ሲ ሃመር ተነሳ፣ ቀጥሎ የምን ጊዜም ምርጥ ራፐር ማን ነው ተባለ። አራት መልስ በዚህ አለቀ። ስም እየጠሩ ተሰዳደቡ። እባካችሁ ወደ ጉዳያችን ብዬ ለመንኩ።

የመለሰችን 25ኛዋ ናት። የአክስቷ ልጅ ተይዞ የ50,000 ዶላር ዋስ ተጠየቀ። ቤተሰቡ በክፍያ ዋስ ለሚሆን ድርጅት የተለመደውን 10 በመቶ፣ 5,000 ዶላር ከፈለ። ክሱ ተሰረዘ። 5,000ው ግን አልተመለሰም፤ የድርጅቱ ዋጋ ነው። ለፍርድ ቤቱ በቀጥታ ሙሉውን አስይዘው ቢሆን ይመለስላቸው ነበር። ግን 50,000 ያለው ማን ነው? ራፐር በሚሊዮን ዋስ ወጣሁ ሲል ብዙ ጊዜ አንድ አሥረኛውን ከፍሎ ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ከዚህ ነው።

26ኛው ስለ ዝምታ ጻፈ። በ2013 በተወሰነ መዝገብ፣ ሳይታሰር በፈቃዱ ለፖሊስ ሲመልስ የነበረ ሰው አንድ ጥያቄ ላይ ዝም አለ። ዝምታው ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት፤ መብቴን እየተጠቀምኩ ነው ብሎ አልተናገረምና። ዝም በል የሚለው የራፕ ምክር ስለዚህ ጎደሎ ነው። ዝም ማለትህን መናገር አለብህ።

ከዚያ 27ኛው መጣ። ክሩን የቀየረው እሱ ነው። ራፐሮች ልክ ናቸው የምትሉ ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ግጥማቸውን ችሎት ላይ ማንበቡ ለምን ያናድዳችኋል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ሻካራ ነበር። እኔን ነው ያነሳው፤ አብዛኛው ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

28ኛው፣ ያው ሙዚቃ የሚሠራው የ5ኛው ሰው፣ በቁጣ መለሰ። በኒው ጀርሲ በግድያ ሙከራ የተከሰሰ ሰው ችሎት ላይ ዳኝነት ለሚሰጡት ዜጎች 13 ገጽ ግጥም ተነቦላቸዋል። ከተከሰሰበት ነገር ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ግጥሙ ከወንጀሉ ጋር ጠንካራ ትስስር ከሌለው መቅረብ አልነበረበትም ብሎ ወሰነ። ካሊፎርኒያ በ2022 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከመቀበላቸው በፊት አድሎ ሊፈጥር መቻሉን እንዲመዝኑ ሕግ አወጣች። በጆርጂያ ግዛት ግን በራፐሩ ያንግ ተግ ክስ ላይ ዳኛው አንዳንድ ግጥሞች እንዲቀርቡ ፈቀዱ፤ ሰውየው በጥቅምት 2024 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በአመክሮ ወጣ። 27ኛው አልረካም። በገዛ አፉ የተናገረውን ሰው ማመን ምን ነውር አለው እያለ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። 28ኛው ደግሞ ገዳይ ሆኖ የሚተውን ተዋናይ ማንም እንደማይከሰው አስታወሰው። ሁለቱም ቃል አልመረጡም።

እዚህ ላይ ነው 5ኛውን መልስ አልፌው መሄዴ የቆጨኝ። ዕፁ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሳለ ዘፈኑ ከኋላ አደረገው። ሐሳቡ ልክ መሆንና ድርጊቱ መፈጸሙ ሁለት ነገር ነው። አንድ ግጥም የውልን ነገር በትክክል ቢያስረዳ፣ በውስጡ ያለው ተኩስ ተተኩሷል ማለት አይደለም። እኔ ሙዚቃውን ስከላከል ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ ልክ አልኩት። ያ ቃል የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ 27ኛው አሳየኝ። 31ኛው ላይ ይህንኑ ጻፍኩ። ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ከዚያ የመክፈቻ ጽሑፌን አስተካከልኩ። ከልምድ የመጣውን፣ ማለትም የውሉን፣ የዋሱንና የፖሊሱን ነገር፣ ከሰሚ ሰሚ ከመጣው ከማዘዣውና ከግብሩ ነገር ለይቼ አስቀመጥኩ። ስለ ቁልፉ ደግሞ ፖሊስ በአሜሪካ መኪናን ያለ ማዘዣ መፈተሽ ይችላል ብዬ ጻፍኩ።

33ኛው መልስ የሕግ ባለሙያው ነው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ እንደገና። እኔ «በቂ ምክንያት» የሚለውን ትቼዋለሁ። ያለሱ አረፍተ ነገሩ ከዘፈኑ የባሰ ስህተት ነው፤ አንብቦት እሺ ፈትሹ የሚል ልጅ ይኖራል። ወዲያው ገብቼ ጨመርኩት። ከሥሩም ፈቃድ አለመስጠት እንደሚቻል ጻፍኩ።

34ኛዋ የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። አሁን የታረመው ይሻላል ብላ፣ የውሻውን ነገርም እዚያው ላይ እንዳስገባ ጠየቀችኝ።